ገንዘብን በስልክ ስለ መላክና ስለ ምሥጢር ቁጥር አጠባበቅ

ቀድሞ በየመንደሩ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ፥ ወደ መሪጌታው ወይም ወደ መምህሩ ይዞት ይሄድ ነበር። አንባቢውም የቤተ ሰቡን ነገር፥ የዕዳውንም የክርክሩንም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ይህን በማወቁ ከሰውዬው ጎተራ አንድ ቁና እህል ለማውጣት አይችልም። ዛሬ ወደ መምህሩና ወደ ተማረው ሽማግሌ የሚመጣው የእጅ ስልክ ነው፤ በእርሱም ከወሬ ጋራ ገንዘብ ይሄድበታል፥ ይመጣበታልም። ስለዚህ ለጎረቤቱ ስልክ የሚያነብ ሰው የጎረቤቱን የሣጥን ቁልፍ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ አሠራር በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ የታወቀው፥ በ1999 ዓ.ም. በኬንያ ኤምፔሳ የተባለው አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ ነው። በኢትዮጵያም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አቋቋመ፤ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ወደዚሁ አገር ገባ።

ብዙ ሰዎች ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። ገንዘቡ ግን የተጻፈው በድርጅቱ መዝገብ ነው፤ ስልኩ ትእዛዝ አድራሽ መልእክተኛ ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ለወኪል 500 ብር በእጁ ቢሰጥ፥ ወኪሉ ከራሱ ሒሳብ 500 ብር ወደ ልጁ ሒሳብ ያዛውርለታል። ልጁም የእናቱን ቁጥር ጽፎ ያዝዛል፤ እናቲቱም በቀበሌዋ ካለው ወኪል ዘንድ ሄዳ ብሩን ትቀበላለች። ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወረው ጽሕፈቱ ነው እንጂ ወረቀቱ ብር አይደለም። ለዚህም ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ ለቴሌብር ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ *127# ብሎ መደወል ይበቃል።

ጥቅሙ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ማተት አያሻም፤ የመንገዱ ድካም ይቀራል፥ የሌባውም ፍርሃት ይቀንሳል። ይልቁንም ለሽማግሌዎች የሚበጅ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማን ለማን፥ በየትኛው ቀንና ሰዓት፥ ስንት ብር እንደ ከፈለ በጽሑፍ መቅረቱ ነው። «ከፍያለሁ»፥ «አልተከፈለኝም» የሚል ክርክር ሲነሣ ምስክር ከመቁጠር በፊት የስልኩን መልእክትና የሒሳቡን መዝገብ ማየት ይቻላል።

አደጋው የሚመጣው መዝገቡ የሰውን ፊት የማያውቅ በመሆኑ ነው። የሚያውቀው ስልክ ቁጥሩንና የምሥጢር ቁጥሩን ብቻ ነው። የምሥጢር ቁጥር እንደ ጥንቱ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው፥ ያልጻፈው ውል ሁሉ በስሙ ይታተምበታል። አታላዮችም ይህን ዐውቀው፥ አንዳንዱ «ሽልማት ደርሶሃልና የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ይላል። ሌላው የድርጅቱን መልእክት የሚመስል ሐሰተኛ ጽሑፍ ልኮ፥ «በስሕተት 2,000 ብር ልኬብሃለሁና ስለ እግዜር መልስልኝ» እያለ ይለምናል፤ ቅን ሰውም የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ይልክለታል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ አስቀድሞ ራስ ደውሎ ቀሪ ሒሳብን መመልከት ነው፤ ብሩ በሒሳቡ ካልተጨመረ የተላከ ነገር የለም። ተጨምሮ ቢገኝም፥ የሚመለሰው በድርጅቱ በኩል ቢሆን ይሻላል።

መኪናውም ራሱ የሚስትበት ጊዜ አለ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥራ ላይ ብልሽት በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ብዙ ተማሪዎች፥ በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ አወጡ። ባንኩም ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ነገር ግን ያወጣው ሰው ስምና ልክ ሁሉ በመዝገቡ ተጽፎ ስለ ነበር፥ ገንዘቡን ያልመለሱት ሰዎች ስምና ሥዕል በአደባባይ ተለጠፈ። የማያይ መኪና ሲሰጥ ማንም አላየኝም ያለ ተማሪ ከመኪናው ይልቅ ተሳስቷል።

ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ በመዝገብ ያለ ገንዘብ እንደሌለ ይቈጠራል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስልክና ባንክ ተቋርጠው፥ በብዙ ስፍራ እስከ 2015 ዓ.ም. ሳይመለሱ ቆዩ፤ በባንክ ብዙ ብር የነበረው ሰውም እህል መግዣ አጣ። ስለዚህ ባለቤቱ ገንዘቡን ሁሉ ወደ መዝገብ ከማግባት ይልቅ ለጥቂት ሳምንት የሚሆነውን በቤቱ ቢያኖር ይበጀዋል።

እንግዲህ ስልክ ይዞ የመጣውን ሰው መርዳት የሚወድ መምህር፥ መልእክቱን ያንብብለት፥ የተቀባዩንም ቁጥር ይጻፍለት፤ የምሥጢር ቁጥሩ በሚጠየቅበት ጊዜ ግን ስልኩን ለባለቤቱ መልሶ ፊቱን ያዙር። ባለቤቱ «አንተ ታውቀዋለህ፥ ንካልኝ» ቢለውም እንኳ እሺ አይበል፤ በኋላ ገንዘብ ቢጐድል የሚጠረጠረው እርሱ ነውና። ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ከገበያ የተነሣ አኀዝን ያውቃል፤ የጐደለው የጣት ልማድ ብቻ ነው። በብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች በ5 ቁጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ከእርስዋ በላይ 2፥ ከበታችዋ 8፥ በግራዋ 4፥ በቀኝዋ 6 ይገኛሉ። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌም ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ፥ ጥቂት ቀን ቢለማመድ፥ ቁጥሩን ለማንም ሳይነግር ራሱ ይነካዋል።