ሁለት ካርድ ባነሣችሁ ቁጥር አንድ ፊደል፦ የፈጣን ዓይን ጨዋታ ምስጢር

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ቦታው ወልድያ ነው፤ የበዓል ከሰዓት በኋላ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና አልፏል፤ ልጆቹ ቄጤማው ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎት ልጅ ከቦርሳው አንድ ክብ ቆርቆሮ ያወጣል። ውስጡ ክብ ክብ ካርዶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስምንት ሥዕል ተሥሏል። አንዱን ካርድ መሐል ላይ ያስቀምጣል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ አንድ አንድ ያድላል።

«በእጃችሁ ባለው ካርድና መሐል ባለው ካርድ ላይ አንድ ተመሳሳይ ሥዕል አለ። ቀድሞ ስሙን የጠራ ካርዱን ይወስዳል!»

ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ትንሿ ልጅ «ቁልፍ!» ብላ ትጮኻለች። ታላቅ ወንድሟ «ዕድል ነው» ይላል። ሁለተኛውን ዙርም እሷ ትወስዳለች። «እሷ እጇ ፈጣን ነው» ይላል። ሦስተኛውንም። አሁን ዝም።

ልጁ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ዕድል ነው፣ የእጅ ፍጥነት ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ ካያችሁ በኋላ ጨዋታውን ራሳችሁ በጫማ ካርቶንና በፊደል ገበታ መሥራት ትችላላችሁ።

እጅ ነው ወይስ ዓይን?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጨዋታ «የሪፍሌክስ ጨዋታ» ይለዋል። ግን ሪፍሌክስ ማለት ሌላ ነገር ነው። የጋለ ድስት ስትነኩ እጃችሁ ወዲያው ይሸሻል፤ ትእዛዙን የሰጠው አከርካሪ ውስጥ ያለው ሰረሰር ነው፤ አንጎል ነገሩን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በካርድ ጨዋታው ግን ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል፣ አንጎል ያያል፣ ያነጻጽራል፣ ይወስናል፣ ከዚያ አፍ ወይም እጅ ይንቀሳቀሳል። ይኼ ምላሽ ይባላል።

የምላሽ ፍጥነታችሁን አሁኑኑ መለካት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ጫፉ አቁሞ ይያዝ። እናንተ ዜሮው ጋ አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ። ሳይነግራችሁ ይልቀቀው፤ እናንተም ቀለብ አድርጉት። የያዛችሁበትን ቁጥር አንብቡ። የወደቀ ነገር ሁሉ በመሬት ስበት ስለሚፈጥን፣ ርቀቱ ጊዜውን ይነግረናል፦

- 10 ሳንቲ ሜትር፦ 0.14 ሰከንድ ገደማ
- 15 ሳንቲ ሜትር፦ 0.17 ሰከንድ ገደማ
- 20 ሳንቲ ሜትር፦ 0.20 ሰከንድ ገደማ
- 25 ሳንቲ ሜትር፦ 0.23 ሰከንድ ገደማ
- 30 ሳንቲ ሜትር፦ 0.25 ሰከንድ ገደማ

አያችሁ? በጣም ፈጣኑና በጣም ዘገምተኛው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ቅልልቦሽ ስትጫወቱ ይህች ልዩነት ትልቅ ናት። ጠጠሯን 30 ሳንቲ ሜትር ብትወረውሯት፣ ወጥታ እስክትመለስ ያላችሁ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ መሬት ያሉትን ጠጠሮች አፍሳችሁ እሷንም መቅለብ አለባችሁ። ግን ቅልልቦሽ ላይ ጠጠሮቹ የት እንዳሉ ቀድማችሁ አይታችኋል። በካርዱ ጨዋታ ላይ ገና መፈለግ አለ። በአንዱ ካርድ ስምንት፣ በሌላው ስምንት፤ አንድ በአንድ ብታነጻጽሩ 8 × 8 = 64 ጥንድ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1868 ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም አንድ ብልህ ሐሳብ አመጣ። መጀመሪያ ሰው ምንም ሳይመርጥ ለአንድ ምልክት ብቻ መልስ ሲሰጥ ጊዜውን ለካ። ቀጥሎ ከብዙ ምልክቶች ለይቶ ሲመልስ ለካ። ሁለተኛው ረዘመ። ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲቀንስ የቀረው፣ አንጎል ለመለየትና ለመምረጥ የወሰደው ጊዜ ነው አለ። ማንም የማያየውን «ማሰብ» በሰዓት ለካው ማለት ነው።

እናንተም ቀንሱ። ማስመሪያው 0.2 ሰከንድ ካላችሁና በካርዱ ላይ ተመሳሳዩን ለማግኘት 3 ሰከንድ ከፈጀባችሁ፣ 2.8ቱ ሰከንድ የፍለጋ ነው። ስለዚህ ትንሿ ልጅ ያሸነፈችው በእጇ አይደለም፤ በዓይኗና በአንጎሏ ነው። ፍለጋ ደግሞ በልምምድ ይፈጥናል።

ዕድልም አይደለም

ጨዋታው ዶብል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በፈረንሳይ ወጣ። 57 ዓይነት ሥዕሎችና 55 ካርዶች አሉት። ከ55 ካርዶች 1,485 የተለያዩ ጥንዶች ማውጣት ይቻላል። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱም ቢሆን የጋራ ሥዕል አያጣም፤ አንዱም ሁለት የጋራ ሥዕል የለውም። ሁልጊዜ ልክ አንድ! በዘፈቀደ ብትሥሉ እንዲህ አይሆንም።

ከዶብል በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ዣክ ኮትሮ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ወዳጅ 31 ካርዶች ያሉት የነፍሳት ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ በየካርዱ ስድስት ነፍሳት። ዴኒ ብላንሾ ከዚያ ተነሥቶ ዶብልን አዘጋጀ። ሁለቱም የተሠሩት በጂኦሜትሪ ነው። የሚገርመው፣ ለዚህ ጂኦሜትሪ የሚሆን ሰንጠረዥ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የፊደል ገበታ!

ከ«ለ» እስከ «ቶ»፦ ጨዋታውን እንሥራ

ፊደላችን ሰባት ዓምድ አለው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። እንግዲህ ሰባት የፊደል ቤተሰቦች እንምረጥ፦ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ። ሀን ለምን ተውነው? ምክንያቱም «ሀ» እና «ሃ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ጮክ ብሎ በሚጠራበት ጨዋታ ላይ ጠብ ያመጣል። ሰባት ቤተሰብ በሰባት ዓምድ 49 ፊደል ይሆናል።

ካርዶቹን እንዲህ ሥሩ። እያንዳንዱ ካርድ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፊደል ይወስዳል። ከ«ለ» ቤተሰብ ጀምራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ፣ በየቤተሰቡ ስንት ዓምድ ወደ ጎን እንደምትዘሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሳብዕን ስታልፉ ወደ ግዕዝ ተመለሱ።

- ዝላይ 0፦ ለ መ ረ ሰ ቀ በ ተ
- ዝላይ 1፦ ለ ሙ ሪ ሳ ቄ ብ ቶ
- ዝላይ 2፦ ለ ሚ ሬ ሶ ቁ ባ ት

በእያንዳንዱ ዝላይ፣ ከ0 እስከ 6፣ መነሻችሁን ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ እያደረጋችሁ ሰባት ካርድ ሥሩ። ለምሳሌ በዝላይ 1 ከ«ሉ» ብትነሡ ሉ ሚ ራ ሴ ቅ ቦ ተ ይመጣል። ይህንን ከላይ ካለው የዝላይ 2 ካርድ ጋር አነጻጽሩት። አገኛችሁት? «ሚ» ብቻ!

እስካሁን 49 ካርድ ሆነ። ቀጥሎ ሰባቱን ቤተሰቦች በየራሳቸው ካርድ ጻፉ፤ አንዱ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ፣ ሌላው መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ እያለ ይቀጥላል። አሁን 56 ደረስን።

አንድ ችግር ግን አለ። ዝላያቸው አንድ የሆኑ ካርዶች በፊደል አይገናኙም። ለእነሱ ሥዕል እንስጣቸው፦ ለዝላይ 0 ሰባት ካርዶች ጀበና፣ ለዝላይ 1 ሲኒ፣ ለቀሩት በየተራ ቁልፍ፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ዓሣ፣ ዛፍ፤ ለቤተሰብ ካርዶቹ ጃንጥላ። በመጨረሻም ስምንቱን ሥዕሎች ብቻ የያዘ አንድ ካርድ ጨምሩ። በቃ! 57 ካርድ፣ በየካርዱ ስምንት ምልክት። ዶብል 55 ቢሆንም ሒሳቡ የሚፈቅደው 57 ነው፤ የእናንተው ሙሉ ነው።

ለምን ይሠራል?

ሰባት ድንጋይ በክብ የተደረደረበት ሜዳ አስቡ። ሁለት ልጆች በክቡ ላይ አብረው ይዘላሉ፤ አንዷ በየጊዜው አንድ ድንጋይ፣ ሌላው ሁለት። በእያንዳንዱ ዝላይ በመካከላቸው ያለው ርቀት በአንድ ይለወጣል። ሰባት ጊዜ ሲታይ ርቀቱ ሰባቱንም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ያዳርሳል፤ ከእነሱ አንዱ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት እዚያው ድንጋይ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። የዝላያቸው ልዩነት ሁለትም ይሁን ሦስት ወይም አምስት፣ ሰባት ለራሱና ለአንድ ካልሆነ ለሌላ ስለማይካፈል፣ ውጤቱ ያው ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ።

ድንጋዮቹ ስድስት ቢሆኑስ? ልዩነታቸው ሁለት የሆነ ልጆች በመካከላቸው ያለው ርቀት 1፣ 3፣ 5፣ 1፣ 3፣ 5 እያለ ይሄዳል፤ መቼም አይገናኙም። ከአንድ ቦታ ከተነሡ ደግሞ 0፣ 2፣ 4፣ 0፣ 2፣ 4፤ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ። ጨዋታው ፈረሰ።

«በሌላ ዘዴስ?» ትሉ ይሆናል። ሊዮናርድ ኦይለር የተባለው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1782 ስለ 36 መኮንኖች አንድ እንቆቅልሽ ጻፈ። ከስድስት ክፍለ ጦር የመጡ፣ ስድስት ማዕረግ ያላቸው መኮንኖች በ6 × 6 ሰልፍ ይቆማሉ፤ በየትኛውም ረድፍና በየትኛውም ዓምድ ክፍለ ጦርም ማዕረግም እንዳይደገም። አይቻልም ብሎ ገመተ። ጋስቶን ታሪ እ.ኤ.አ. በ1901 እንደማይቻል አረጋገጠ። ከዚህ የተነሣ በስድስት ላይ የቆመ ሙሉ የካርድ ጨዋታ የለም፤ የትኛውም ኮምፒውተር አያገኘውም። ፊደላችን ስድስት ዓምድ ቢኖረው ኖሮ ገበታውን እንዳለ ወስደን ይህን ጨዋታ መሥራት አንችልም ነበር።

ከካርዱ ወደ ማሽላው ማሳ

ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ ሲሪንቃን ታልፋላችሁ፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ነው። ማሽላ ከሚመረምርባቸው ሰብሎች አንዱ ነው። የሀብሩን ገበሬ ብትጠይቁት የማሽላ ጠላቱን ይነግራችኋል፤ የዝናብ እጥረትና አቀንጭራ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ ምግቡን የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው። ስለዚህ የትኛው ዝርያ እንደሚቋቋም በትክክል ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አሁን 49 የማሽላ ዝርያዎች አሏችሁ እንበል። ዘርታችሁ ማወዳደር ትፈልጋላችሁ። ግን ማሳው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ታችኛው እርጥበት ይይዛል፣ ላይኛው ድንጋያማ ነው። አንዱ ዝርያ ለም ቦታ ደርሶት ቢያሸንፍ፣ ልጁ እንዳለው «ዕድል ነው»።

መፍትሔው ማሳውን በትናንሽ መደቦች ከፍሎ በየመደቡ ሰባት ዝርያ መዝራት ነው። ትንሽ መደብ ውስጥ አፈሩ ይቀራረባል። ሰባቱን የትኞቹን? ካርዶቻችሁን አውጡ! እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዝርያ፣ እያንዳንዱ ካርድ አንድ መደብ ይሁን። ጀበና ያለባቸው ሰባት ካርዶች 49ኙንም ፊደላት አንድ አንድ ጊዜ ይይዛሉ፤ አንድ ሙሉ ዙር ማለት ነው። ስምንቱን ሥዕሎች ስትጨርሱ ስምንት ዙር፣ 56 መደብ ይሆናል። በዚህም ማናቸውም ሁለት ዝርያዎች ልክ አንድ ጊዜ ጎረቤት ሆነው ተወዳድረዋል። የቀራ፣ የተበደለ የለም።

ይህን ዓይነቱን የማሳ ንድፍ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍራንክ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1936 አስተዋወቀው። ስምንት ዙር ብዙ መሬትና ጉልበት ስለሚጠይቅ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብቻ ይወስዳሉ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ዕድልን ከውድድሩ ማስወጣት።

ተራው የእናንተ ነው

ካርቶን፣ መቀስና ማርከር ይበቃችኋል። 57 ካርድ በስምንት ሲባዛ 456 ምልክት ነው፤ ከሦስት አራት ጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ ብትሠሩ በአንድ ከሰዓት ታልቃለች። ፊደሎቹን በቅደም ተከተል አትጻፉ፤ ካርዱ ላይ በትኗቸው፣ አንዳንዱን ትልቅ አንዳንዱን ትንሽ አድርጉት። ስትጨርሱ ቁጠሩ፦ እያንዳንዱ ፊደልና እያንዳንዱ ሥዕል ልክ በስምንት ካርድ ላይ መገኘት አለበት። አንዱ ሰባት ሌላው ዘጠኝ ከሆነ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የእናንተው ጨዋታ ከዶብል ሊከብድ ይችላል። ቀለም ያላቸው ሥዕሎች ከሌላው ተለይተው ቶሎ ብቅ ይላሉ። «ቅ» እና «ቁ»፣ «ብ» እና «ባ» ግን ይመሳሰላሉ፤ ዓይን ቆም ብሎ ማየት አለበት። ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም።

ከዚያ በሚቀጥለው በዓል ቄጤማው ላይ ዘርጉት። አንዱ «ዕድል ነው!» ሲል፣ ሁለት ካርድ አንሡና «ና፣ የጋራ ፊደል ወይም ሥዕል የሌላቸው ሁለት ካርዶች ካገኘህ ጨዋታውን ትወስዳለህ» በሉት። አያገኝም።