እምቢ ያለውን የኪስ ሰዓት በዘዴ መፍታት

የአያትዎን የኪስ ሰዓት ከሣጥን አውጥተው ለመፍታት ሲሞክሩ አንዱ ብሎን አልዞርም፣ ሌላው ክፍል አልነቀልም ይልዎት ይሆናል። እጅዎ ጉልበት ሊጨምር ሲቃጣ ቆም ይበሉ። እንዲህ ያለ ሰዓት ውስጥ አልወጣም የሚል ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አራት አንዱ ነው፦ ሞላው አልላላም፤ ያላዩት ብሎን ይዞታል፤ ብሎኑ በተቃራኒ የሚዞር ነው፤ ወይም ዝገትና የደረቀ ዘይት አጣብቆታል። ሥራው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ምን ዓይነት ሰዓት ነው የያዝኩት? በየቤቱ ከሚገኙት ብዙዎቹ የስዊዘርላንድ ሥራዎች ናቸው። ሮስኮፍ የሚባለው ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1867 ለሠርቶ አደር የሚሆን ርካሽ የኪስ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 20 ፍራንክ ነበር፤ የክፍሎቹንም ብዛት ወደ 57 ዝቅ አድርጎታል። ክፍሎቹ ጥቂትና ወፍራም ስለሆኑ የሮስኮፍ ዓይነቱ ለጀማሪ ይሻላል። በክዳኑ ውስጥ 800 ወይም 935 የሚል ቁጥር ካዩ ደግሞ ቀፎው ብር ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከ1,000 እጅ ስንቱ ንጹሕ ብር እንደሆነ ይናገራል።

ምን ያስፈልገኛል? ነጭ ጨርቅ፣ አጉሊ መነጽር፣ ጫፉ ቀጭን ወረንጦ እና ትንንሽ ካቻቢቴዎች። የካቻቢቴው ምላጭ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር መሙላት አለበት። ከጠበበ ተንሸራትቶ ስንጥቁን ይበላዋል፤ ከሰፋ ዙሪያውን ይጭረዋል። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። መልሰው ሲገጥሙ የሚመራዎት እሱ ነው።

ክዳኑ ካልተከፈተስ? ማጠፊያ ካለው ከማጠፊያው ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ ለጥፍር የተተወ ትንሽ ጉድጓድ ይፈልጉ። ማጠፊያ ከሌለው ወይ ተጭኖ የተገጠመ ነው፣ ወይ በጥርስ የሚዞር ነው። በጥርስ የሚዞረውን የጎማ ጓንት አድርገው በመዳፍዎ ተጭነው ወደ ግራ ያዙሩት።

ቀጣዩ እርምጃ ፈጽሞ አይታለፍም፦ ሞላውን ማላላት። ሞላው ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የተጠቀለለ የብረት ጥብጣብ ነው። ለዓመታት የቆመ ሰዓት እንኳ ኃይል ታምቆበት ሊገኝ ይችላል። ከሞላው በላይ ካለው ጥርሳም መዘውር አጠገብ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ትንሽ ጥፍር አለ። መሙያውን በጣቶችዎ አጥብቀው ይያዙ፤ ጥፍሩን በወረንጦ ጫፍ ፈቀቅ ያድርጉ፤ መሙያው በጣቶችዎ መካከል ቀስ እያለ እስኪቆም ይመለስ። በቁልፍ የሚሞላ ከሆነ ቁልፉን እንደዚሁ ይያዙ። ይህን ሳያደርጉ ቢፈቱት መዘውሮቹ በአንዴ ይፈተለካሉ፤ ጥርስም ሊሰበር ይችላል።

ቆጣሪዎቹ አልነቀል ካሉ በገጹ ላይ ስስ ወረቀት ያንጥፉ። ከግራና ከቀኝ እኩል እየደገፉ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሷቸው። በአንድ በኩል ብቻ ቢፈነቅሉ መሐሉ ያለው ዘንግ ይጣመማል። ቁጥሮቹ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅብ ካለ አይፋቁት፣ አይንፉበትም። በጨለማ እንዲያበራ ተብሎ የተቀባ፣ ጨረር የሚያመነጭ ራዲየም ሊሆን ይችላል።

ነጩ ገጽ እንደ ሸክላ ነው፤ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። የሚይዙት ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን እግሮች ናቸው። እግሮቹን የሚቆልፉ ትንንሽ ብሎኖች በሞተሩ ጎን ይገኛሉ። እነሱን ሳያላሉ ገጹን አይፈንቅሉ። መሙያው ከነዘንጉ አልወጣ ካለም ያው ነው፦ ከዘንጉ አጠገብ ያለችውን ብሎን ጥቂት ዙር ብቻ ያላሉ። ፈጽመው ካወጧት ከታች የያዘችው ክፍል ይወድቃል።

ከገጹ ሥር የደቂቃ ቆጣሪው የሚሰካበት ትንሽ ቱቦ አለ። ተጣብቆ መያዙ ጤናው ነው፤ ሰዓቱን ስናስተካክል እንዲንሸራተት ተብሎ ተጭኖ ገብቷል። በትንሽ ፒንሳ ለስለስ አድርገው ይዘው፣ በመጠኑ እያዞሩ፣ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። በሮስኮፍ ግን ቱቦው ልል ነው፤ እሱን መታገል አያስፈልግም።

በመጀመሪያ የሚነሣው የውስጥ ክፍል ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው መዘውር ነው። በአብዛኞቹ ሰዓቶች በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል። የዘንጉ ጫፍ ውፍረት የ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ግፊት ይሰብረዋል። መዘውሩን ከላይ የሚደግፈውን ድልድይ የያዘውን ብሎን ፈትተው ከሥሩ ባለው ክፍተት ካቻቢቴ አግብተው በቀስታ ያንሱ።

ከመሙያው ጋር የሚገናኘውን የላይኛውን መዘውር የያዘው ብሎን ወደ ግራ እምቢ ካለ በኃይል አይግፉት። ብዙ ጊዜ በተቃራኒ የሚፈታው እሱ ነው። በአንዳንድ ሰዓቶች ይህን ለማመልከት በራሱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ስንጥቅ ተሠርቶበታል። ወደ ቀኝ ይሞክሩት።

ዝገት ከሆነስ? አንዲት ጠብታ ዝገት የሚፈታ ዘይት በመርፌ ጫፍ ያድርጉበትና ሌሊቱን ይተዉት። ጠዋት መጀመሪያ በጥቂቱ ጠበቅ ያድርጉት፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ከዚያ ያላሉት። ካልሆነ ጫፉ የጋለ ብረት ለጥቂት ሰከንድ በብሎኑ ራስ ላይ ያሳርፉና ሲቀዘቅዝ ደግመው ይሞክሩ። ይህን ሲያደርጉ ቤንዚንም ሆነ ላምባ አጠገብዎ አይኑር።

ብሎኑ ተሰብሮ ውስጥ ቢቀርም መፍትሔ አለው። ነጭ ጨው መሰል የሆነውን ሸብ፣ ማለትም አሉምን፣ በሞቀ ውሃ አጥግበው ያሟሙ። ሸብ ብረትን ይበላል፣ ናስን ግን ይተዋል። ስለዚህ ከናሱ ሳህን ላይ ማንኛውንም የብረት ክፍል አውጥተው ሳህኑን ብቻ በመስታወት ዕቃ ይንከሩት። ከሰዓታት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። ስብርባሪው ወደ ጥቁር ዝቃጭ ሲለወጥ አውጥተው ያጥቡና ወዲያው ያድርቁት።

ወጪውስ? ለራስዎ ሥራ ዋናው ወጪ ጊዜና ጥሩ ካቻቢቴ ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ከሄዱ ዋጋውን በሁለት ከፍለው ይጠይቁ፦ ለመፍታት፣ ለማጠብና ዘይት ለመቀባት ስንት፣ ለተሰበረ ክፍል ስንት። ውድ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የእነዚህ ሰዓቶች አዲስ መለዋወጫ በየሱቁ አይሸጥም፤ ወይ ከሌላ ተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል፣ ወይ በትንሽ ቶርኖ ይቀረጻል። የአንድ የተሰበረ የዘንግ ጫፍ ዋጋ ከጠቅላላ እጥበቱ ሊበልጥ የሚችለውም ለዚህ ነው። የብር ቀፎ ያለውን ሰዓት ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ በብሩ ሚዛን ብቻ እንዲተመን አይፍቀዱ።

ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም ሉማሜ ከተማ የሚኖሩ ከሆነና እዚያ አሮጌ ሰዓት የሚያውቅ ባለሙያ ካላገኙ መንገዱ በአንድ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ በሌላው ደጀንን አልፎ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ ይወስድዎታል። ሲሄዱ የፈቱትንም ያልፈቱትንም ከነፎቶው ይዘው ይሂዱ፤ የት ላይ እንደቆሙም ይንገሩት። ጉልበት ያልነካው ሰዓት ለባለሙያውም ቀላል፣ ለኪስዎም ርካሽ ነው። መሄድ እስኪችሉ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ከእርጥበት ያርቁት፤ ዝገቱ አይብስበትም።