የብየዳ መለማመጃ ወርክሾፕና አደረጃጀቱ

የተግባር መለማመጃ ወርክሾፕ ሠልጣኞች በንድፈ ሐሳብ የቀሰሙትን ዕውቀት በመሣሪያና በቁስ ላይ ደጋግመው በመሥራት ወደ ክህሎት የሚለውጡበት፣ ሲሳሳቱም ጉዳት ሳይደርስባቸው የሚታረሙበት ስፍራ ነው። የፋብሪካ ውጤት ምርት ሲሆን የወርክሾፕ ውጤት ሠልጣኙ ራሱ ስለሆነ፣ የአደረጃጀቱ ጥራት ሊለካ የሚገባው እያንዳንዱ ሠልጣኝ በገዛ እጁ የሚሠራበትን ሰዓት በማየት ነው።

ይህ አስተሳሰብ በተሟላ ሥርዓት የተደራጀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሩሲያ ነበር። የሞስኮ ኢምፔሪያል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቪክቶር ዴላ ቮስ የማሠልጠኛ ወርክሾፖችን ከምርት ወርክሾፖች ለይቶ ለእያንዳንዱ ሙያ የራሱን ክፍል ሰጠ፤ በየክፍሉም በአንድ ጊዜ ለሚሠለጥኑት ሁሉ የሚበቃ የሥራ ቦታና መሣሪያ አሟልቶ፣ ልምምዶቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል አዘጋጀ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ሲቀርብ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት የነበሩትን ጆን ራንክልን ስለማረካቸው ወደ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተሻገረ።

በኢትዮጵያም ሠልጣኙ ሥልጠናውን ሲያጠናቅቅ በብቃት ምዘና ላይ ሠርቶ ማሳየት ስለሚጠበቅበት የወርክሾፕ ጉዳይ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዋና ጉዳይ ነው። በኮሌጆቹ ከሚሰጡት ሙያዎች መካከል የአደረጃጀትን ነገር አጉልቶ የሚያሳየው ብየዳ ነው። በኤሌክትሪክ ብየዳ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚፈጠረው፣ አርክ የሚባለው የኤሌክትሪክ ነበልባል ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት፣ ዓይንን የሚጎዳ አልትራቫዮሌት ጨረርና የብረት ጭስ በአንድነት ስለሚያመነጭ፣ ክፍሉ ሲነደፍ ሦስቱም ታስበው መልስ ሊያገኙ ይገባል።

ለጨረሩና ለሙቀቱ መልሱ ካቢን ነው፤ ይህም አንድ ሠልጣኝ ብቻ የሚሠራበት፣ በማይቀጣጠል ግድግዳና መጋረጃ የተከለለ አነስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ግድግዳው ጨረሩን መልሶ እንዳያንጸባርቅ የማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል፣ ከሥሩም አየር እንዲዘዋወር ከወለሉ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። የጭስ መሳቢያው አፍ ከአርኩ አጠገብ፣ በጎን በኩል መሆን አለበት፤ ከራስ በላይ የተሰቀለ መሳቢያ ጭሱን ወደ ላይ ሲስብ በሠልጣኙ ፊት በኩል ስለሚያሳልፈው ሊከላከለው የታሰበውን ጉዳት ራሱ ያስከትላል። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሥራውን ይዞ ከፍና ዝቅ የሚል ማቀፊያ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ላሜራን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ብቻ የተለማመደ ሠልጣኝ ሽቅብ ወይም ከራስ በላይ መበየድን የሚጠይቅ ሥራ ሲገጥመው እጁ አይታዘዝለትም።

በጋዝ ብየዳ የሚያገለግሉት ሲሊንደሮች አቀማመጥም የራሱ ሕግ አለው። በክምችት ላይ ያሉ የኦክስጅንና የአሲቲሊን ሲሊንደሮች በብዙ አገሮች በሚሠራበት የደህንነት ደንብ መሠረት 6 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ወይም እሳት በሚቋቋም ግድግዳ ይለያሉ፤ አሲቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በአሴቶን ሟሙቶ ስለሆነ ፈሳሹ ከጋዙ ጋር እንዳይወጣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የኦክስጅን መገጣጠሚያዎችም ከዘይትና ከግሪስ ፈጽሞ ይጠበቃሉ።

ማሽን ተተክሎም ልምምዱ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ኤሌክትሮድ፣ መለማመጃ ብረትና የመፍጫ ዲስክ የመሳሰሉ አላቂ ዕቃዎች ሲያልቁ ስለሆነ፣ እነዚህ ማሽኑ ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ዓመታዊ በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። የዕቃ ክፍሉም ከእርጥበት የተጠበቀ መሆን አለበት፤ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ያላቸው ኤሌክትሮዶች እርጥበት ከሳቡ ብየዳው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከብየዳው በፊት በምድጃ እንዲደርቁ ይደረጋል።

ስለዚህ አዲስ ወርክሾፕ የሚያደራጅ ኮሌጅ በቅድሚያ የሙያ ደረጃው የሚጠይቃቸውን ተግባራትና በአንድ ጊዜ የሚገቡትን ሠልጣኞች ቁጥር ለይቶ፣ በዚያ ልክ የካቢኑን ብዛት፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉንና የአየር ማስወገጃውን ከወሰነ በኋላ ማሽን ወደ መግዛት ቢሸጋገር፣ ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ በሠልጣኙ እጅ ላይ ክህሎት ሆኖ ይገኛል።