የገበሬው መንገድ፣ የከተሜው እረፍት

ሳጃና ከካርቱም መሀል ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ቀድሞ ይኖሩበት ከነበሩት የወህኒ ቤት ጠባቂዎች ነው፤ ኋላ የታወቀው ግን በብረትና በሌላ የግንባታ ዕቃ ገበያው ነው። ጎረቤቱ ደይም ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሐበሾች ሰፈር ነበር፤ እንጀራ የሚበላበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ የሚሰማበት። ዛፍ የሚያንስበት፣ አቧራና ጥሩምባ የሚበዛበት ይህ አካባቢ ለገጠር የእግር ጉዞ መነሻ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ሆኖም ከሳጃና ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቢሄዱ ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት ቦታ ይደረሳል፤ እዚያው መገናኛው ላይ ቱቲ የምትባል ደሴት ተኝታለች። ስፋቷ ወደ 8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በሦስት በኩል ከበዋት እሷ ግን የሎሚ፣ የአትክልትና የከብት መኖ ማሳ ያላት የገጠር መንደር ሆና ኖራለች። ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ለሚራመድ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። ለሕፃንም ለአዛውንትም የሚሆን እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ ከየት ይመጣል? የዚህ ጽሑፍ መልስ አንድ ነው፦ ለእረፍት የሚመች መንገድ የሚወለደው ከሥራ ነው። ገበሬው፣ ደን ጠባቂውና ጎርፍ የሚመክተው ሰው እየረገጡ ያቆዩት መንገድ ነው። ሥራው ከጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል።

በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት ጉዞ ከሚታወቁት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት፤ ታሪኳም ይህንኑ ያሳያል። በአንድ የእንግሊዝ ገጠር መንደር ዙሪያ በእሑድ ከሰዓት የሚንሸራሸር ቤተሰብ የሰው ማሳ መሀል ለመሀል አቋርጦ፣ የአጥር በር ከፍቶና መልሶ ዘግቶ ያልፋል፤ ማንም አይከለክለውም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው የሕዝብ መተላለፊያ በድምሩ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከእነዚህ መንገዶች አብዛኞቹን ለሽርሽር ብሎ የቀየሰ መሐንዲስ የለም። ምዕመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እህል የተሸከመው ወደ ወፍጮ፣ ላም የሚነዳው ወደ ገበያ ሲመላለስ ያወጣቸው ናቸው። ሥራው በባቡርና በመኪና ሲተካ ባለርስቶች ብዙዎቹን ሊዘጉ ሞከሩ፤ ሰፊ መሬት አጥረው ለአደን ብቻ ያዋሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 በመቶ የሚቆጠሩ ተራ ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በተባለው ተራራማ ቦታ ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ ከመካከላቸውም የታሰሩ አሉ። በ1949 የወጣው ሕግ ግን የአካባቢ አስተዳደሮች የእግር መንገዶቹን በካርታ ላይ እንዲመዘግቡ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ አንድ መንገድ ከተመዘገበ መሬቱ የተሸጠለት ሰው እንኳ በራሱ ፈቃድ ሊዘጋው አይችልም። እንግሊዞች ያደረጉት ነገር ሲጠቃለል ሥራ የወለደውን መንገድ፣ ሥራው ሲደክም ሕግ እንዲያሳድገው ማድረግ ነው።

በቱቲ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ሥራው ግን ነበር። የደሴቷ ነባር ነዋሪዎች ከሰሜን ሱዳን የመጡት ማሐሶች ናቸው፤ ከካርቱም ከተማ መቆርቆር በፊት ጀምረው እዚያ አርሰዋል። የሚያርሱት አፈር ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ዓባይ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ተራሮች ጠርጎ ያወረደው ደለል ነው። ውሃው በክረምት ሞልቶ ሲሸሽ በዳርቻው የሚገለጠውን እርጥብ መሬት ገበሬው ተከትሎ ይዘራበታል። ስለዚህ በማሳና በማሳ መካከል፣ በመስኖ ቦይ ዳርና በወንዙ ጠርዝ የሚሄዱት ቀጫጭን መንገዶች የገበሬው የዕለት ተዕለት መመላለሻ ነበሩ። የወንዙ ጠርዝ ደግሞ ሌላም ሥራ ነበረበት። ቱቲዎች ጎርፍን በጋራ በመመከት የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጣውን ታላቅ ሙላት ቀንና ሌሊት ተረባርበው የተቋቋሙበት ታሪክ በሱዳን በዘፈን ጭምር ይታወሳል፤ በ2020 ካርቱምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሲመጣም የአሸዋ ጆንያ ተሸክመው ከዳርቻው አልተለዩም። ውሃ የሚጠብቅ ሰው ጠርዙን በእግሩ መዞር አለበት፣ እሾሁን መመንጠር አለበት፣ የተናደውን መድፈን አለበት። ሐሙስና ዓርብ ማታ ከካርቱም የሚሻገረው ቤተሰብ፣ በሻይ ሻጮች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይዋ ከነጭ ዓባይ ማዶ ስትጠልቅ የሚያየው ወጣት፣ ሁሉም በዚህ ድካም ላይ ነበር የሚራመደው።

ድልድዩ ነገሩን በሁለት በኩል ለወጠው። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ቱቲ የሚገባው በጀልባ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከካርቱም የተዘረጋው ተንጠልጣይ ድልድይ ሲከፈት ከሳጃና በሃፍላ (በአውቶቡስ) ወይም በራክሻ (በባጃጅ) መጥቶ ድልድዩን በእግር መሻገር ቀላል ሆነ። ነገር ግን መኪናውና መሬት ፈላጊውም በዚያው ድልድይ ገቡ። የሎሚ ማሳ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን መሀሉን ያቋርጥ የነበረው መንገድ በግንብ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ከገበሬው አልፎ በዓርብ ቀን አየር ሊቀበል ለሚመጣው ከተሜም ይተርፋል። በነጭ ዓባይ ዳር የነበረው የሱንት ደንም በሥራ የቆየ ነበር። ሱንት የግራር ዘር ነው፤ እንጨቱ ለጀልባ መሥሪያና ከባቡር ሐዲድ ስር ለሚነጠፍ አግዳሚ፣ ፍሬው ቆዳ ለማልፋት ይፈለግ ነበር። ከከተማው መሀል ያን ያህል ጥላና ያን ያህል ወፍ ያቆየው አንዱ ነገር ይህ ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ መሠረትም አለው። ከተማው አጥር ያለው ንጹሕ ፓርክ ቢሠራለት አይሻልም ወይ ይባላል። ፓርክ ጥሩ ነገር ነው፤ ኪስ የማይጎዳ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ግን ፓርክ ሠራተኛ፣ ውሃና በጀት ይፈልጋል፤ በጀቱ ሲቋረጥ ሣሩ ይደርቃል፣ በሩ ይቆለፋል። የማሳ መንገድ የሚጠገነው ገበሬው ስለሚያልፍበት ነው። በአገራችንም ምስክር አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄትና በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተናግዳቸው እግረኞች የሚሄዱት ሰው ገበያና ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት መንገድ ነው። ለእንግዳው የተሠራለት ማደሪያ ጎጆ ነው፤ መንገዱ ቀድሞም ነበረ። አህያው ጓዙን ይጭናል፣ ገቢው ለመንደሩ ይገባል፣ መንገዱም የአገሬው ሰው መንገድ ሆኖ ይቀጥላል።

ሙቀቱስ? በግንቦትና በሰኔ ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ስትግል ስለ እግር ጉዞ ማውራት ጭካኔ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው፤ በተለይ ማለዳና አመሻሽ። በሌሎቹ ወራት የሚያዋጣው ጥላ ነው፤ ይህም ዛፍ ካልተቆረጠ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ የስደተኛው ነው። በደይምና በሳጃና ለኖረ ወረቀት አልባ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ መንገድ ላይ መውጣት በራሱ ስጋት ነበር፤ ከሻ በሚሉት የፖሊስ አፈሳ ተይዞ መቀጣትና መባረር የታወቀ ነው። ለእሱ ስለ ለምለም መስክ መናገር ባዶ ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህን በነፃ ከማንም በላይ የሚፈልገው በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ የሚኖረው፣ ስድስት ቀን በሰው ቤት ወይም በጋራዥ የሚሠራው ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ መንገድ ክፍት ነው ሲባል መታወቂያ ለያዘ ብቻ ማለት አይደለም። የመራመድ መብት ለሁሉም ካልሆነ መብት መባል የለበትም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሳው ጦርነት ይህን ሁሉ ገለበጠው። ከካርቱም የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጋላባትና በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ቱቲ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወድቃ ተከበበች፤ ነዋሪዋ በረሃብና በሕመም ተጎድቶ አብዛኛው ለቆ ወጣ። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። የሱንት ዛፎች ብዙዎቹ ለማገዶ ተቆርጠዋል። መብራትና ውሃ በሌለበት፣ ያልፈነዳ ፈንጂ በየጥጉ ባለበት ከተማ ስለ ሽርሽር መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። የምንነጋገረው ስለ ሽርሽር ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። ለቱቲ ገበሬ ግን ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ የእንጀራው መንገድ ነው። የፈንጂ ማጽዳቱ ሥራ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎችን ቀድሞ መያዙ ትክክል ነው፤ ቀጥሎ ግን የቦይ ዳርና የወንዝ ጠርዝ መንገዶች በዝርዝሩ ሊገቡ ይገባል። አዲሱ የከተማ ፕላን ሲሳልም የቱቲ ማሳ በእርሻነቱ፣ መንገዱም የሕዝብ መተላለፊያ ሆኖ በካርታው ላይ መስፈር አለበት፤ ባለመሬቶቹ ተበታትነው ባሉበት በዚህ ጊዜ ካልተመዘገበ፣ ሲመለሱ የሚያገኙት የሌላ ሰው አጥር ሊሆን ይችላል።