ክሩዝ ኮንትሮል በሰንበቴ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ፊቱ የሚዘረጋው ሜዳማ ቆላ ነው። ከዚያ እስከ ከሚሴ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አሽከርካሪው እግሩን አሳርፎ ፍጥነቱን ለክሩዝ ኮንትሮል ለማስረከብ መፈተኑ አይቀርም። እኔም ተፈትኛለሁ። በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለሁ የለመድሁትን ይህን ምቾት በአንድ እሑድ ሰንበቴ አቅራቢያ ብሞክረው፣ ከግመሎች መንጋ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩኝ ነው የቆምሁት። ነገሩን በወረቀት ላይ ያሰላሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በተመረጠው ፍጥነትና መኪናው በሚሄድበት ፍጥነት መካከል ያለውን ልዩነት። መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘግም ነዳጅ ይጨምራል፤ ሲፈጥን ይቀንሳል። ይህ ግብረ መልስ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው መቆጣጠሪያም በዚሁ ሐሳብ ይሠራ ነበር። ለመኪና ያዋለው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፤ ለፈጠራው ያነሣሣው ጠበቃው ሲነዳ መኪናው ፈጠን ዘግየት እያለ ማንገላታቱ ነው ይባላል። ክራይስለር ኩባንያ መሣሪያውን በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መኪኖቹ ላይ አቀረበው።

በመጀመሪያ ቁልቁለቱን እንመልከት። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ያህል ላይ ናት። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1700 ሜትር ሲወርድ 25 ሚሊዮን ጁል ያህል እምቅ ጉልበት ይለቃል። ይህ 75 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። ቀላሉ ክሩዝ ኮንትሮል ፍሬን አይዝም፤ ነዳጁን ከዘጋ በኋላ የሚያደርገው የለውም፤ መኪናውም ከተመረጠው ፍጥነት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን አጥፍቶ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ፍሬኑ ብቻውን ያን ሁሉ ሙቀት እንዲሸከም ሊተው አይገባም።

ሰንበቴ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። የእሑዱ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አማራውን የሚያገናኝ ስለሆነ ግመሉም አህያውም ሰዉም አስፋልቱን ይሻገራል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ፍሬኑም በደረቅ አስፋልት ላይ በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በ7 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና 57 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል፤ በ100 የሚሄደው ግን 83 ሜትር ይፈልጋል። የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው! ተማሪዎቼ ይህን ቁጥር ሲሰሙ አያምኑም፤ እናንተም ራሳችሁ አስሉት። ክሩዝ ኮንትሮል ያሳረፈው እግር ከፔዳሉ ርቆ ተዘርግቶ ከነበረ ደግሞ፣ የምትባክነው ግማሽ ሴኮንድ በ100 ፍጥነት 14 ሜትር ትጨምራለች።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ ይቀንሳል። መንገዱ ላይ የተኛው ውኃ መኪናውን ሲጎትተው፣ እግሩን ፔዳል ላይ ያደረገ ሰው መጎተቱ ተሰምቶት ነዳጅ ይቀንሳል። መሣሪያው ግን ልዩነቱን እንደ ዳገት ቆጥሮ ነዳጅ ይጨምራል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከፊታቸው ያለውን መኪና በራዳር ወይም በካሜራ የሚከተል ክሩዝ ኮንትሮል አላቸው። ይህኛው ፍሬንም ይይዛል። ሆኖም ራዳሩ በዋናነት የሚከታተለው የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪን ነው፤ ከቆመ ነገር የሚመለሰውን ሞገድ ሁሉ ቢቀበል በየምልክት ሰሌዳው ፍሬን በያዘ ነበር። የመኪኖቹ መመሪያ መጻሕፍትም እግረኛንና እንስሳን ላያውቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። በአጥር የተከለለውና በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ መሣሪያ ይስማማል፤ እኔም እዚያ እጠቀምበታለሁ። በደሴ መንገድ ላይ ግን ቁልፉን አልነካም፤ በተለይ እሑድ።