ውሃው ወዴት ይሂድ?
(ስለ ሰፈር መንገድ ሥራና ስለ ነዋሪው ሥጋት)

የመምህር ሥራ በክፍል ውስጥ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር የታወቀ ነው። የሰፈር ሰው ሲሰበሰብ «እስቲ አስተማሪው ይጻፍልን» ተብሎ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ማመልከቻ የሚያረቀው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። በከተማ ከሚቀርቡለት ጉዳዮች አንዱ የሰፈር መንገድ ሥራ ስለሆነ፣ ነዋሪው የሚያነሣው ሥጋት ከምን እንደሚመነጭ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ርዕሳችንን እንወስን። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ የሚያነጋግር ቢሆንም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። እኛ የምንነጋገረው በየደጃፋችን ስለሚያልፈውና በጥርብ ድንጋይ፣ ማለትም በኮብልስቶን፣ ስለሚነጠፈው ቅያስ ነው። ይህ አሠራር በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በድሬዳዋ ተሞክሮ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ድንጋዩ የሚወጣው ከአገር ውስጥ ካባ ነው፤ የሚጠርበውና የሚያነጥፈው የሰው እጅ ስለሆነ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ጭቃውና አቧራውም ቀንሷል።

ታዲያ ነዋሪው ለምን ያጉረመርማል? ልማት ጠልቶ ነው እንዴ? አይደለም። ከሚያጉረመርሙት ብዙዎቹ በኮሚቴ ተደራጅተው ለዚሁ መንገድ ገንዘብ ያዋጡ ናቸው። ሥጋታቸውን በአራት ከፍለን እንየው።

1ኛ/ ውሃ። አንዱ ጥርብ ድንጋይ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ከሥሩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ደግሞ የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር አለ። አሮጌው መንገድ በበቂ ሳይቆፈር ይህ ሁሉ ከላዩ ቢደረብበት መንገዱ ከፍ ይላል፤ ትናንት ከመንገድ በላይ የነበረው የበር ደፍ ዛሬ ከመንገድ በታች ይሆናል። ንጣፍ ደግሞ እንደ አፈር ውሃ አይጠጣም፤ ዝናቡን ቶሎ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ ስለሆነች፣ የላይኛው ሰፈር ያለ ቦይ የሠራው መንገድ ለታችኛው ሰፈር ጎርፍ ነው።

2ኛ/ የሥራ ቅደም ተከተል። የውሃ ቧንቧው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ የስልክ ገመዱ መቀበር ያለበት ከንጣፉ በፊት ነው። በተግባር ግን መንገዱ ተመርቆ ሳይቆይ ቆፋሪ ሲመጣ ይታያል። እርግጥ ጥርብ ድንጋይ ተነሥቶ መልሶ ሊነጠፍ መቻሉ አንዱ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን የተመለሰው አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል፤ አንድ ድንጋይ ሲለቅ ጎረቤቱም ይለቃል።

3ኛ/ ስፋትና መግቢያ። አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና የማይገባበት ቅያስ ቢነጠፍም ችግሩ አይቃለልም። ሲሰፋ ደግሞ የሰው አጥር ይነካል። በምርኩዝ ለሚሄዱ አዛውንትና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች አንዲት ያልታሰበባት ደረጃ መንገድ ትዘጋለች።

4ኛ/ መዋጮ። በጡረታ የሚኖሩ እማማና የጭነት መኪና ያለው ጎረቤታቸው እኩል ይክፈሉ ወይ? ሒሳቡስ በማን ፊት ይነበባል? ይህ ካልተመለሰ ሐሜት ይነግሣል።

እንግዲህ መምህሩ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሥጋቱን ወደ ልክ መለወጥ ይችላል። «ውሃ ቤታችን ሊገባ ነው» የሚል አቤቱታና «የታሰበው መንገድ ከ7 ቤቶች ደፍ በ12 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል» የሚል አቤቱታ እኩል አይደመጡም። ለመለካትም ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ ከበሩ ደፍ፣ ሌላውን ለመንገዱ ወለል ምልክት ከተተከለው ችካል አጠገብ መያዝ ነው። በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ልዩነቱ በማስመሪያ ይነበባል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምናስተምረው ይኸው አይደለም እንዴ? መንገዱ በአንድ ሜትር ስፋት ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደ ቦይ ማዘንበሉን፣ ቦዩም መጨረሻው የት እንደሆነ በዚያው መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና የጽሑፉም የስብሰባውም ጊዜ በጋው ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ እማማ ደጃፋቸው ላይ አፈር በጆንያ ሲቆልሉ ቃለ ጉባኤ መያዝ ለማንም አይረባም።