ከጡረታዬ የገዛኋት ያገለገለች ካሜራ

በ2013 ዓ.ም ባለቤቴ ሲያርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈልገን አጣን። የነበሩን ሁሉ ውኃ ውስጥ በወደቀ ስልክ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ልጆቼ ከቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ሶዶ ወስደው አስተልቀው መጡ። ትከሻው ላይ የማኅተሙ ክብ ቀለም እስካሁን ይታያል። ሰውዬው ሳቂታ ነበር፤ ሳቁ ግን የትም የለም። ያኔ ትንሿ የልጅ ልጄ የ2 ዓመት ልጅ ነበረች። አያቷን የምታውቀው ማኅተም ያረፈበት ኮስታራ ሰው አድርጋ ነው።

በነርስነት ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ፤ የራሴን ቤት ሰዎች ግን በምስል አላስቀረሁም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ካሜራ ልግዛ ስል ልጆቼ ሳቁብኝ። «እማዬ፣ ስልክሽ እያለ?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ደጅ ላይ በቀን ብርሃን ስልክ አይታማም። እኛ ቦምቤ ግን ዘመድ የሚሰበሰበው ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ዙሪያ ነው፤ ብርሃኑም የሚገባው በበር ነው። እዚያ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ በእኔ ስልክ ሲነሳ ጭስ ይመስላል።

በመጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ዜኒት ነበር። ተማሪ ሳለሁ የማውቀው ካሜራ እሱ ነው፤ የሶቪየት ሥሪት፣ እንደ ሚዛን ድንጋይ የከበደ። ዜኒት ኢ የሚባለው ብርሃን መለኪያው ያለ ባትሪ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ዛሬ ባለ 36 ፊልም ፈልጎ ማግኘቱና ማሳጠቡ ካሜራውን ከመግዛት ይብሳል። ተውኩት።

አዲስ አበባ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ፎቶ ማንሳት ይወዳልና እሱን ይዤ ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ኒኮን ዲ3100 ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር አቀረቡልን። ዕቃው በደንብ የተያዘ ነው፤ ዋጋውም ለጡረተኛ የሚቀመስ ነበር። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። ዲ3100 ሌንሱን የሚያዞርለት ሞተር በሆዱ ውስጥ የለውም፤ ሌንሱ ደግሞ የራሱ ሞተር የሌለው የድሮው ዓይነት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው ያነሳሉ፣ ግን ምስሉን ለማጥራት በየጊዜው ሌንሱን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። በእኔ ዓይን ይህ የሚሆን አይደለም። ሻጩ ግን ትንፍሽ አላለም። «አክስቴ፣ ሌንሱን እንውሰድ፤ ካሜራው ይቅር» አለኝ።

ለዚያ ሌንስ የምትሆነውን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ኒኮን ዲ90። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣች፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ናት። ዛሬ የስልክ ሻጭ ይህን ቁጥር ቢሰማ ይስቃል። ሞተሩ ግን በሆዷ አለ። ሌንሱ ደግሞ እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አብሯት ይሸጥ የነበረው ባለ ዙም ሌንስ ጫፉ ላይ ሲደርስ 5.6 ነውና የእኔው አሥር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርሃን ያስገባል። በበር ብርሃን ለሚኖር ሰው ከሜጋፒክስል ይልቅ ያዋጣው ይህ ነው።

ምርመራውን እኔ ያዝኩት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንደሚታየው አየኋት። ሌንሱን በባትሪ መብራት ከኋላ አበራሁበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና አይገዛም። የባትሪዋ ቤት ዝገት የለውም። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበን ነጭ ግድግዳ አነሳን፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖር አቧራ ነው፣ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይድንም። ስንት ጊዜ እንዳነሳች በኮምፒውተር አስቆጠርን፤ 41,000 ገደማ። ሹተሯ ለ100,000 የተፈተነ ስለሆነ ጎልማሳ ናት እንጂ አሮጊት አይደለችም። የ5 ወር ጡረታዬን ከፍዬ ወሰድኳት። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ መግዛቴ ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ ዲ90 የተሠራችው እስከ 32 ላለው ነው። ካርዱን ልጄ ወሰደው።

የክረምታችን እርጥበት ለሌንስ ጠላት ነው። ካሜራዋን ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከመድኃኒት ዕቃ ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ጋር አኖራታለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ስንቱን ጥያለሁ፤ አሁን ከየፋርማሲው እለምናለሁ። ልጆች ግን አፋቸው እንዳይከቷቸው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ታላቅ እህቴ 80 ዓመት አልፏታል። ለጊፋታ ሰሞን በር አጠገብ ተንበርክካ ዳጣ ስትፈጭ ነበር ያነሳኋት፤ ያለ ፍላሽ። ጭሱ ከኋላዋ፣ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ነው። ሶዶ አሳትሜ ሰጠኋት። መነጽሯን አጥልቃ ብዙ አየችው። «እናታችንን ማን አነሳት?» አለችኝ።

የእናታችን ፎቶ የለም። በዘመኗ ፎቶ የሩቅ ነገር ነበር። ነገሥታቱን ግን ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያነሷቸው ነበር። እህቴ ራሷ መሆኗን ብነግራትም አላመነችም። ፎቶውን ትራሷ ሥር አደረገችው። ሌላ ሁለት ቅጂ አሳተምኩ፤ ዋናው በልጄ ኮምፒውተር ውስጥም አለ። ከእንግዲህ ስልክ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ አይቆጨኝም።

ሌንሷ ለጠባብ ቤት ትንሽ ታስቸግራለች። ለፊት በጣም ጥሩ ናት፤ ሁሉም ምድጃ ዙሪያ ሲቀመጥ ግን ግድግዳው እስኪይዘኝ ወደ ኋላ ብሸሽም አንዱ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አማቼ ነው። አሁን ያገለገለ 35 ሚሊ ሜትር እያፈላለግሁ ነው። ለመጪው ጊፋታ ካላገኘሁ በጓሮ በር ወጥቼ ከውጭ አነሳቸዋለሁ።